የማረፊያ እግርና የሰዓት መቍጠሪያው

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር




ጳጉሜን 4 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2018) በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ ቤቨርሊ በተባለው አነስተኛ አየር ማረፊያ፣ አንዲት የዐሥራ ሰባት ዓመት የበረራ ተማሪ ፓይፐር ፒኤ-28 የተባለውን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ብቻዋን አስነሥታ ወጣች። መሬቱን በምትለቅበት ጊዜ ከዋናዎቹ ጎማዎች የቀኙ ከአውሮፕላኑ ተለይቶ ወደቀ። የዚህ ዓይነት አውሮፕላን ክንፉ ከመቀመጫው በታች ስለ ሆነ አብራሪው ጎማዎቹን ከበላይ ሊያያቸው አይችልም፤ ተማሪዋም ጎማዋን ማጣቷን ያወቀችው በሬዲዮ ሲነገራት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይነገራል። የመቈጣጠሪያው ሠራተኛ ድምፁን ሳይለውጥ አነጋገራት፤ አሠልጣኟም በሬዲዮው ቀርቦ ማድረግ የሚገባትን አንድ በአንድ አስታወሳት፤ እርስዋም አውሮፕላኑን መልሳ አምጥታ በቀሩት ጎማዎች አሳረፈችው፤ ምንም ሳትጐዳ ወጣች። ንግግሩ ተቀርጾ ስለ ነበር በብዙ አገር ተሰማ፤ የሰማም ሁሉ የልጅቱን ቈራጥነት አደነቀ። ማድነቁም ተገቢ ነው።

ጋዜጦች ታሪኩን በዚህ ላይ ያቆማሉ። መሐንዲስ ግን እንዲህ ያለውን ታሪክ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሊያነበው ይገደዳል። የአንድን አውሮፕላን ምርመራ ለሚመለከታቸው ትቶ ጠቅላላውን ነገር ቢመለከት፣ ጥያቄው ተማሪው በአየር ላይ ምን አደረገ የሚል ብቻ አይሆንም። ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ብዙ መቶ ማረፎች ውስጥ ብረቱ ስለ ደረሰበት ነገር የሚያውቅ ሰው ነበር ወይ? የሚያውቅስ መዝገብ ነበር ወይ?

የማረፊያ እግር፣ መካኒኮች በተለምዶ «ላንዲንግ ጊር» የሚሉት፣ ከሌሎቹ የአውሮፕላን አካላት የተለየ ጠባይ አለው። ክንፍና ሞተር በረራው እስካለ ድረስ ሥራ ላይ ናቸው። እግሩ ግን በበረራው ጊዜ ሥራ ፈት ነው፤ ድካሙ ሁሉ መሬት በሚነካባት ቅጽበትና ከዚያ በኋላ በሚሮጥባቸው ጥቂት ሰከንዶች ይከማቻል። ስለዚህም ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ሦስት ሰዓት በርሮ አንድ ጊዜ የሚያርፍ የግል አውሮፕላንና፣ በዚያው ሦስት ሰዓት በአንድ ሜዳ ዙሪያ እየዞረ ሃያ ጊዜ ያህል ነክቶ የሚነሣ የማሠልጠኛ አውሮፕላን በመዝገብ ላይ እኩያ ሆነው ይጻፋሉ፤ በብረታቸው ግን ፈጽሞ እኩያ አይደሉም።

ይህ ነገር ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በከተማው ውስጥ የሚመላለስ የአንበሳ አውቶቡስ የፍሬን ሸራው የሚያልቀው በኪሎ ሜትር ብዛት ሳይሆን በፌርማታ ብዛት መሆኑን መካኒኩ ጠንቅቆ ያውቃል። ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ በአንድ ቀን የሚያስመዘግበውን ኪሎ ሜትር የከተማው አውቶቡስ በብዙ ቀን ላያስመዘግብ ይችላል፤ ሸራው ቀድሞ የሚያልቀው ግን የከተማው ነው። መካኒኩ ይህን ስለሚያውቅ የኪሎ ሜትር መቍጠሪያውን አይቶ አይታለልም። በአውሮፕላን ዘንድ ይኸው ዕውቀት ወደ መዝገቡ ለመግባት ረዥም ጊዜ ወስዷል፤ በብዙ ቦታም ገና አልገባም።

እንዲያውም በብዙ ቀላል አውሮፕላኖች ላይ ነገሩ ከዚህ ይብሳል። የጥገናው ሰዓት የሚወሰደው ከሞተሩ ዙር መለኪያ ጋር ከተያያዘ መቍጠሪያ ነው። ይህ መቍጠሪያ አንድ ሙሉ ሰዓት ብሎ የሚመዘግበው ሞተሩ በተወሰነ የጉዞ ዙር ሲሠራ ነው፤ ዙሩ ሲቀንስ ቍጥሩም አብሮ ይዘገያል። ተማሪው ለማረፍ ጋዝ ቀንሶ በሚወርድበትና በሜዳው ላይ በጎማ በሚሄድበት ጊዜ፣ ማለትም እግሩ ወደ ሥራ በሚቀርብበትና በሥራ ላይ በሚውልበት ሰዓት፣ መቍጠሪያው እንደ ደከመ በሬ ያዘግማል። ስለዚህ በሜዳ ዙሪያ የሚውል አውሮፕላን እግሩ የበለጠ እየደከመ ሳለ የጥገና ቀኑ ይዘገይለታል። ይህን ያቀደ ማንም የለም፤ መቍጠሪያው የተሠራው ለሞተሩ ነውና። ሞተሩን በሚመለከት የሚሰጠው ምስክርነት እውነት ነው። ስለ እግሩ እንዲመሰክር ማንም አልጠራውም ነበር፤ ሌላ ምስክር ስላልነበረ ብቻ የእርሱ ቃል ተወሰደ።

ጥቂት ቍጥር ማየት ይጠቅማል። እግሩን አጥፎ የሚበረው ፓይፐር አሮው፣ ፒኤ-28አር-201 በሚባለው ዓይነቱ፣ ሙሉ ክብደቱ 1250 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በለሰለሰ ማረፍ ጊዜ ወደ ታች የሚወርድበት ፍጥነት በሰከንድ 0.6 ሜትር ቢሆን፣ እግሩ ሊውጠው የሚገባ የመውረድ ጉልበት 225 ጁል ይሆናል። ተማሪው ቍመቱን ሳይገምት ቀርቶ በሰከንድ 3 ሜትር ቢያወርደው ግን ጉልበቱ 5625 ጁል ይደርሳል። ፍጥነቱ አምስት እጥፍ ሲያድግ ጉልበቱ ሃያ አምስት እጥፍ አደገ ማለት ነው። ቀላል አውሮፕላኖች ፈቃድ ያገኙበት የአሜሪካ የንድፍ ደንብ፣ እንደ ክንፉ ጭነት፣ በሰከንድ ከ2.1 እስከ 3 ሜትር የሚደርስ አወራረድን እግሩ እንዲችል ያዝዝ ነበር። ስለዚህ አንድ ከባድ ማረፍ ጤነኛ እግርን ወዲያው አይሰብረውም፤ ንድፍ አውጪው ይህን አስቦበታል። አደጋው ያለው ማረፉ በመደጋገሙና ከእያንዳንዱ ማረፍ በኋላ ሁሉም ነገር እንደ ነበረ መስሎ በመታየቱ ነው።

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ያለ ነው። የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው የአየሩን ግፊት እንጂ እውነተኛውን ፍጥነት አይደለምና፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ በመለኪያው ላይ 130 ኪሎ ሜትር በሰዓት እያነበበ የሚያርፍ አብራሪ ሙቀቱ 22 ዲግሪ በሆነ ቀን በእውነቱ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ጎማውና ፍሬኑ የሚሸከሙት ጉልበት በባሕር ዳርቻ ካለው በሲሶ ያህል ይበልጣል። በተመሳሳይ ማዕዘን ሲወርድም ወደ ታች የሚወርድበት ፍጥነት በዚያው መጠን ያድጋልና፣ አፍንጫውን ጥቂት ዘግይቶ ያነሣ ተማሪ የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ተማሪው ምንም ሳይሳሳት፣ መምሪያው እንዳዘዘው ቢያደርግም፣ ደጋ ላይ የሚሠራ እግር ቆላ ላይ ከሚሠራው አብልጦ ይደክማል።

ስለ ብረት ድካም ለዚህ ጉባኤ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር በ19ኛው መቶ ዓመት የባቡር ዘንጎችን ደጋግሞ በመጫን ያሳየው፣ አንድ ብረት አንድ ጊዜ በቀላሉ የሚችለውን ጭነት ብዙ ሺህ ጊዜ ሲደጋገምበት እንደማይችለው ነው። ፓልምግሬን በ1924፣ ማይነርም በ1945 ያቀረቡት የድምር ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ጭነት ከብረቱ ዕድሜ ላይ የራሱን ክፍልፋይ ይወስዳል፤ ክፍልፋዮቹ ተደምረው አንድ ሲሞሉ ብረቱ ይሰነጠቃል ይላል። ሕጉ ሻካራ መሆኑን፣ የጭነቶቹንም ቅደም ተከተል እንደማይመለከት በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። ሻካራውን ድምር እንኳ ለመደመር ግን የጭነቶቹ ብዛትና ክብደት በአንድ ቦታ ተጽፎ መገኘት አለበት። በአብዛኛው የማሠልጠኛ አውሮፕላን መዝገብ ውስጥ የተጻፈው ሰዓት ብቻ ነው።

ይህ የቍጥር ጨዋታ አለመሆኑን ያሳየው መጋቢት 26 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2018) በፍሎሪዳ በዴይቶና ቢች የደረሰው አደጋ ነው። አውሮፕላኑ ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት ፓይፐር አሮው ነበር። ውስጡ ለንግድ አብራሪነት ፈተና የሚቀርብ ተማሪና ፈታኙ ነበሩ። መሬት ነክተው ተነሥተው ሽቅብ ሲወጡ የግራው ክንፍ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ሁለቱም ሞቱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ ያገኘው፣ ክንፉን ከአካሉ ጋር በሚያያይዘው የዋናው ተሸካሚ አግዳሚ የታችኛው ክፍል፣ በቡሎን ቀዳዳ ላይ፣ ቀስ በቀስ ያደገ የድካም ስንጥቅ ነው። በዚያው ድርጅት ከነበሩ ተመሳሳይ አውሮፕላኖች በሌላኛውም ላይ በተመሳሳይ ቦታ ስንጥቅ ተገኘ። አውሮፕላኑ የበረረው 7690 ሰዓት ያህል ሲሆን መሬት የነካው ግን ከ33 ሺህ ጊዜ በላይ ነበር፤ ይኸውም በአንድ ሰዓት ከአራት ጊዜ በላይ ማለት ነው።

የተሰበረው ክንፍ እንጂ እግር አይደለም የሚል ቢኖር ትክክል ነው። ነገር ግን በዚህ አውሮፕላን ዋናው እግር የተያያዘው ከክንፉ አግዳሚ ጋር ነው። መሬት ሲነካ የሚመጣው ምት በእግሩ በኩል አልፎ ወደ ክንፉ ይገባል፤ ክንፉ በአየር ላይ ሽቅብ ይታጠፋል፣ መሬት ላይ ቍልቍል ይታጠፋል። በየማረፉ ይህ መመላለስ አንድ ጊዜ ይፈጸማል፤ በዚያም ላይ ተማሪ በዝቅተኛ ከፍታ የሚያደርገው መዞርና መንገላታት ይጨመርበታል። እግርና ክንፍ በአንድ ደብተር የተጻፈ ዕዳ አለባቸው።

ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1987 በቴክሳስ በማርሊን አጠገብ በዝቅተኛ ከፍታ የቧንቧ መስመር ይቃኝ የነበረ ሌላ የፒኤ-28 ዓይነት አውሮፕላን ክንፉን አጥቶ ወድቆ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ክንፎቹ እንዲመረመሩ አዘዘ፤ ብዙ ክንፍ ተመርምሮ ስንጥቅ የተገኘባቸው እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ ትእዛዙ በ1989 ተነሣ። ትእዛዙን ያነሡትን ሰዎች መውቀስ ይቀላል፤ ፍትሐዊ ግን አይሆንም። የተመረመሩት በአብዛኛው በሰዓት የተመረጡ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ በሰዓት የተመረጠ ናሙና ደግሞ በርጋታ የበረረውንና የተንገላታውን አቀላቅሎ ይይዛል።

ከዴይቶናው አደጋ በኋላ ባለሥልጣኑ ያደረገው ግን ልብ ሊባል ይገባል። በ2020 መጨረሻ ባወጣው ትእዛዝ የአውሮፕላኑን ሰዓት እንዳለ መውሰዱን ትቶ፣ ሰዓቱን እንደ አገልግሎቱ የሚመዝን ቀመር አቆመ። በአሜሪካ ደንብ በኪራይ ሰው የሚያጓጕዝ ወይም በክፍያ የሚያሠለጥን አውሮፕላን በየመቶ ሰዓቱ ይመረመራል፤ ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ የተገኘው የመቶ ሰዓት ምርመራ ብዛት አውሮፕላኑ ምን ያህል እንደ ተንገላታ ይናገራል። በቀመሩ መሠረት ምርመራዎቹ በመቶ ተባዝተው የሚገኘው ሰዓት ሙሉ በሙሉ ይቈጠራል፤ የቀረው ሰዓት ግን ለ17 ይካፈላል። ድምሩ 5000 ሲደርስ የቡሎን ቀዳዳዎቹ «ኤዲ ከረንት» በሚባለው የኤሌክትሪክ ዘዴ እንዲመረመሩ ታዘዘ። በምሳሌ ለማስረዳት፣ 6000 ሰዓት የበረረና ዐርባ ጊዜ የመቶ ሰዓት ምርመራ የተደረገለት አውሮፕላን 4118 ያህል ተቈጠረበት፤ ያንኑ 6000 ሰዓት በግል ባለቤት እጅ የበረረው ግን 353 ብቻ። ዐሥራ ሰባት ለአንድ! የመንግሥት መሥሪያ ቤት የማሠልጠኛ አንድ ሰዓት ከግል አብራሪ ዐሥራ ሰባት ሰዓት ጋር እኩል ሊታሰብ እንደሚችል በቍጥር አምኖ መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁንና ይህም ቀመር ማረፎችን በቀጥታ አይቈጥርም፤ መቍጠር ስላልተቻለ በምርመራ ወረቀት አማካይነት ይገምታቸዋል። ማረፎቹ ከመጀመሪያው ተጽፈው ቢሆን ኖሮ ግምት ባላስፈለገም ነበር።

ለምን አልተጻፉም? ብዛታቸው ያልተጻፈው ማንም ስላልጠየቀ ነው። ክብደታቸው ያልተጻፈበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ የሰው ጉዳይ ስለ ሆነም ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የሚከተለው ስም የሌለው፣ ግን በየትኛውም የበረራ ሜዳ የሚታወቅ ሁኔታ ነው። ተማሪው አውሮፕላኑን ከፍ አድርጎ ያቆመውና ይጥለዋል፤ አውሮፕላኑ ይነጥራል፣ ደግሞ ይወድቃል። አሠልጣኙ መሪውን ይዞ ያስተካክለዋል። ተማሪው «ይቅርታ መምህር» ይላል፤ አሠልጣኙም «አይዞህ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የጀመርነው፤ በል ጋዝ ስጥና እንነሣ» ይለዋል። ለተማሪው ይህ መልካም አነጋገር ነው፤ ከዚህ የተሻለ አሠልጣኝ አይፈለግም። አውሮፕላኑ ግን አይዞህ የሚለው የለም። የአምራቾቹ የጥገና መምሪያ ከከባድ ማረፍ በኋላ ልዩ ምርመራ እንዲደረግ ያዛል፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ አሠልጣኙ ወርዶ «ከባድ ማረፍ ነበረ» ብሎ መጻፍ አለበት። ከጻፈ አውሮፕላኑ ይቆማል፤ ቀጣዩ ተማሪ ተራውን እየጠበቀ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ኀላፊም ለምን ቆመ ብሎ ይጠይቃል፤ ተማሪውም ስሙ በመጥፎ የተጻፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ማታ አውሮፕላኑን የሚረከበው መካኒክ በደብተሩ ላይ የሚያነበው «ደኅና ነው» የሚል ብቻ ይሆናል። ትላልቅ አውሮፕላኖች ምቱን የሚመዘግብ መሣሪያ አላቸው። በአብዛኛው ቀላል አውሮፕላን ላይ ግን መሣሪያው የአሠልጣኙ ወገብና ኅሊናው ነው።

መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ አዲስ መሣሪያ ያምራቸዋል። ምትን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ በርግጥ ዛሬ ውድ አይደለም፤ ቢኖርም መልካም ነው። ከዚያ በፊት ግን በደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ መጨመር ይቀላል፤ አንደኛው የማረፎች ብዛት፣ ሁለተኛው የከባዶቹ ብዛት። ሁለተኛው ዓምድ እውነት የሚጻፍበት ግን በላዩ ላይ የሚጻፍ ስም ለቅጣትም ሆነ ለተማሪ ማዕርግ የማይወሰድ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በሦስት ወር ውስጥ አንድም ከባድ ማረፍ ያልተመዘገበበት የማሠልጠኛ አውሮፕላን ቢገኝ፣ መርማሪው ደስ ሊለው ሳይሆን ሊጠራጠር ይገባዋል።

እግራቸውን የሚያጥፉ አውሮፕላኖች በዚህ ላይ የራሳቸውን ችግር ይጨምራሉ። በፓይፐር አሮው ላይ እግሮቹን ወደ ላይ የሚይዛቸው በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገፋ የዘይት ግፊት ነው። ግፊቱ ቢጠፋ እግሮቹ በክብደታቸው ይወርዳሉ፤ የአፍንጫውን እግር ደግሞ ሞላ ያግዘዋል። አብራሪው በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ያለውን መልቀቂያ ሲጫን ግፊቱን ይለቅቃል እንጂ ሌላ ኀይል አይፈጥርም። ከ1980 እስከ 1985 የተሠራው ሴስና 172አርጂ በሌላ መንገድ ታስቧል። ክንፉ በላይ ስለ ሆነ ዋናዎቹ እግሮች ከአካሉ ሥር ወጥተው ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፤ ሲወርዱም ነፋሱን ተቃውመው ወደ ፊት መምጣት አለባቸው። ፓምፑ ቢሰናከል አብራሪው በእጅ ፓምፕ ይገፋቸዋል፤ ለዚህ ግን ዘይት ያስፈልጋል። አንዲት ጎሚኒ ተቀዳ ዘይቱ ቢፈስ እግሮቹ በመንገድ ላይ ተንጠልጥለው ሊቀሩ ይችላሉ። ሁለቱም ንድፎች ለየክንፋቸው አቀማመጥ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ይሁንና ለማሠልጠኛ የሚሆነውን መምረጥ ቢያስፈልግ፣ ሁሉም ነገር በጠፋ ጊዜ ወደ መሬት የሚወድቀው ይመረጣል።

አብራሪው እግሮቹ ወርደው መቈለፋቸውን የሚያውቀው በሦስት አረንጓዴ መብራቶች ነው። እነዚህም እንደ ሰዓት መቍጠሪያው ሌላ ነገር የሚመሰክሩ ናቸው። መብራቱ የሚናገረው አንዲት ትንሽ ስዊች መዘጋቷን ነው፤ ስለ ብረቱ የሚናገረው በእርስዋ በኩል ብቻ ነው። ስዊቿ በጭቃ ልትያዝ፣ በየማረፉ የምትታጠፈው ሽቦ ልትበጠስ፣ አምፖሉ ሊቃጠል ይችላል። በብዙዎቹ አሮው አውሮፕላኖች ደግሞ የመሣሪያ ሰሌዳው መብራት ሲበራ አረንጓዴዎቹ ለሌሊት እንዲስማሙ በራሳቸው ይደበዝዛሉ፤ በቀን ሳይታወቅ የበራ እንደ ሆነ ሦስቱም የጠፉ ይመስላሉ። በዚህ ምክንያት የደነገጠ ተማሪ ጥቂት አይደለም፤ አሠልጣኝም አለበት።

መብራት ሳይበራ ሲቀር ሰው ምን እንደሚሆን በትላልቅ አውሮፕላኖች ላይ በደም ተጽፏል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1972 የኢስተርን አየር መንገድ 401ኛ በረራ አብራሪዎች ወደ ማያሚ ሲቀርቡ የአፍንጫው እግር መብራት አልበራም። አምፖሉ ተቃጥሎ ነበር። ሁሉም በአምፖሉ ላይ ተጠምደው ሳለ አውሮፕላኑን በከፍታው የሚይዘው መሣሪያ መላቀቁን ያየ አልነበረም፤ ከ176 ሰዎች 101 ሞቱ። በስድስተኛው ዓመት፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1978፣ የዩናይትድ አየር መንገድ 173ኛ በረራ፣ ዲሲ-8 አውሮፕላን፣ በፖርትላንድ ኦሪገን እግሮቹን ሲያወርድ ታላቅ ጕምታ ተሰማ፤ አንዱ መብራትም አልበራም። በኋላ እንደ ታወቀው በቀኙ እግር ማጠፊያ ሲሊንደር ላይ ያለው ዘንግ በዝገት ተበልቶ ስለ ተበጠሰ እግሩ በድንገት ወድቆ ስዊቿን ጐድቷት ነበር። እግሩ ግን ወርዶ ተቈልፎ ነበር፤ በክንፉ ላይ ያለው ምልክትም ይህንኑ ያሳይ ነበር። ካፒቴኑ ለአንድ ሰዓት ያህል እየዞረ ተሳፋሪዎቹን ለአደጋ ሲያዘጋጅ ነዳጁ አለቀ። ከ189 ሰዎች 10 ሞቱ። አንድ የዛገ ዘንግ አንድ መብራት አጠፋ፤ አንድ የጠፋ መብራት አራት ሞተሮችን ያለ ነዳጅ አስቀረ። አየር መንገዱ በ1981 ሠራተኞቹ በአንድነት መሥራትን የሚማሩበትን ትምህርት የጀመረው ከዚህ የተነሣ ነው።

የማሠልጠኛ አውሮፕላን ያለበት ሁኔታ ከዚህ በብዙ የተሻለ ነው። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፤ ነዳጁ አብዛኛውን ጊዜ ለሰዓታት ይበቃል፤ በሆዱ ቢያርፍም ሰዎቹ ብዙ ጊዜ በራሳቸው እግር ይወርዳሉ። አደጋው የሚመጣው ችግሩን ለመፍታት ሲባል መብረር ሲረሳ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ አሠልጣኝ መብራቱን ከመመርመሩ በፊት የመጨረሻ ሰዓት ይወስናል፤ «እስከዚህ ሰዓት እንሞክራለን፤ ከዚያ በኋላ እንዳለን እናርፋለን» ይላል። ሌላው ፈተና ፕሮፔለሩ ነው። በሆድ ሲታረፍ ፕሮፔለሩ መሬት ይመታል፤ መሬት የመታ ፕሮፔለር ያለው ሞተር ደግሞ ተፈትቶ መመርመር አለበት፤ ወጪው ከባድ ነው። ይህን ለማዳን ሞተሩን ገና በአየር ላይ አጥፍተው ፕሮፔለሩን አግድም ሊያቆሙት የሚሞክሩ አሉ። ሞተሩን ያጠፋ ሰው ቢሳሳት እንደገና የመነሣት ዕድል የለውም። ፕሮፔለር ይገዛል፤ ይህን ሒሳብ መሥራት ያለበትም ተማሪው በአየር ላይ ሳለ ሳይሆን ባለቤቱ በመሬት ላይ ሳለ ነው። የትምህርት ቤቱ ኀላፊ ለአሠልጣኞቹ ስለ ፕሮፔለሩ እንዳይጨነቁ አስቀድሞ በጽሑፍ የነገራቸው እንደ ሆነ፣ ያ ወረቀት ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል።

በመጨረሻ ስለ ምርመራው ራሱ ጥቂት መነገር አለበት። የሚታጠፍ እግር በጥገና ቤት የሚፈተሸው አውሮፕላኑ በክሪክ ተነሥቶ እግሮቹ ከመሬት ለቀው ነው። እግሮቹ ይታጠፋሉ፣ ይወርዳሉ፤ ሦስቱም መብራቶች ይበራሉ፤ ወረቀቱ ይፈረማል። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ነፋስ አይገፋቸውም፤ ክብደት አይጫናቸውም፤ የተከፈተ ስንጥቅም ቢኖር ጭነት ስለሌለበት ይገጥማል። በዚህ ፈተና ያለፈ እግር በማግስቱ በአየር ላይ እምቢ ቢል መካኒኩ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ የተጠየቀውን መልሷል። ልምድ ያላቸው መካኒኮች አውሮፕላኑን በክሪክ ከማንሣታቸው በፊት፣ ክብደቱ ገና በእግሩ ላይ ሳለ፣ ከሥሩ ይገባሉ። ጭቃውንና የፍሬኑን ጥቍር አቧራ በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ ቀለሙ የተላጠበትን፣ በቡሎን ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት የወጣበትን፣ ዘይት ያረጠበውን ቦታ በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ አንዱ ክንፉን ይዞ ሲነቀንቅ ሌላው በባትሪ ብርሃን መገጣጠሚያውን ያያል። ከዚያ በኋላ አሠልጣኙን ይጠሩና ባለፈው ሳምንት ይህ አውሮፕላን ስንት ጊዜ እንዳረፈ፣ ከእነዚያም ስንቱ እንዳስደነገጠው ይጠይቁታል።